ጀበናውን ወደ በሩ አስጠጉት

ለጀማሪዎች ስለ ቤተሰብ ፎቶና ስለ ብርሃን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁኝ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ካሜራ አላመጣሁም። ያመጣሁት ይህን ጀበና ነው። የቤቴ ጀበና ነው፤ ዛሬ ጠዋት ቡና ፈልቶበት፣ ታጥቦ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠውና እዩት። አሁን የበራው ከላይ ያለው አምፖል ብቻ ነው። ምን ይታያችኋል? አንድ ጥቁር ነገር። ከኋላ የተቀመጣችሁ አንገቱ የት አልቆ ሆዱ የት እንደሚጀምር እንኳ አትለዩትም።

እስቲ አምፖሉን አጥፉልኝ። ያንን ወደ ጥላው ግቢ የሚያወጣውን በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ጀበናውን ወደ በሩ ላስጠጋው። አያችሁ? ሆዱ ላይ አንድ ረጅም ነጭ መስመር ወጣ። ያ መስመር በሩ ነው። በሩ ራሱ ነው ጀበናው ላይ የሚታየው። ከመስመሩ ወዲያ ቀስ እያለ ይጨልማል። ክብ መሆኑ አሁን ታወቀ። እጀታው ከአንገቱ ተለየ። አፉ ጋ ያለችው ትንሽ ስንጥቅም ታየች።

ጀበናው ያው ጀበና ነው። አዲስ ስልክ አልገዛንም። በር ነው የከፈትነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ከዚያ ሰውየውን ወደ ብርሃኑ እናዙረው።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። አያቴ ቡና ስታፈላ ያነሳሁት አንድ ፎቶ አለኝ። አያቴ ቡና ስታፈላ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ አነሳኋት። ፎቶው ላይ በሩ ደምቆ ወጥቷል። ግቢው ይታያል፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ይታያል፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ይታያል። አያቴ ግን ጥላ ናት። ሻሿን በአስተሳሰሩ አውቀዋለሁ። ትከሻዋንም አውቀዋለሁ። ፊቷ ግን የለም። እየሳቀች እንደነበር እኔ አስታውሳለሁ፤ ልጆቼ ግን ፎቶውን ሲያዩ ሳቁን አያገኙትም። በዚያው ዓመት አረፈች። ቡና ስታፈላ የተነሳችው ሌላ ፎቶ የለንም።

ያን ቀን እኔ በሩ ጋ ሄጄ ቆሜ «እማዬ!» ብዬ ብጠራት ኖሮ ዞር ትልልኝ ነበር። ብርሃኑም ፊቷ ላይ ይወድቅ ነበር። አራት እርምጃ ነው የጎደለኝ።

ለምን ጠቆረች? ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ዓይናችን ደማቁን በርና የአያቴን ፊት አንድ ላይ ማየት ይችላል። አእምሯችን ያስተካክልልናል። ካሜራ ግን እንዲህ ዓይነት አቅሙ ትንሽ ነው፤ አንዱን መምረጥ አለበት። የሚመርጠውም በአማካይ ነው። ከፊቱ ያለውን ሁሉ ደምሮ መካከለኛ ድምቀት ላይ ለማምጣት ይሞክራል። ትልቅ ደማቅ በር ካየ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ አምስት ሴቶች ሲያይም እንደዚያው ያደርጋል። ለዚህ ነው የጥምቀት ፎቶዎቻችን ላይ ነጩ ልብስ ግራጫ፣ ፊታችን ደግሞ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው።

መድኃኒቱ ጣታችሁ ላይ ነው። ስልካችሁን አውጡና አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት። አሁን ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩት። ሥዕሉ ሲለወጥ አያችሁ? «ለእኔ ቁም ነገሩ ይህ ፊት ነው» አላችሁት ማለት ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ወደ ላይ ስትገፏት ይደምቃል፤ ወደ ታች ስትስቧት ይጨልማል። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ዛሬ በከንቱ አልመጣችሁም። ደግሞም ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ቅቤ በነካ ጣት የተያዘ ስልክ ሁሉንም ነገር ጉም ያለብሰዋል።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። አንድ አባት ገና ሳልጀምር «የእኔ ቤት መስኮቱ ጠባብ ነው፤ እንዴት ላድርግ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የብዙዎቻችን ቤት እንደዚያው ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ፍርግርግ ብረት አለው፤ በላዩ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። በሩ ግን ትልቅ ነው። ከወለል ጀምሮ ከሰው ቁመት በላይ ይከፈታል። ስለዚህ የቤታችሁ ፎቶ ቤት በሩ ነው።

ሰውየውን ደፉ ላይ አታቁሙት። አንድ እርምጃ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡት። ፊቱን ወደ ውጭ ያድርግ። እናንተ ደግሞ በሩ ጋ ሆናችሁ፣ ብርሃኑን ሳትጋርዱ ትንሽ ወደ ጎን ብላችሁ አንሱት። ከኋላው ያለው ክፍል ይጨልማል። ቴሌቪዥኑ፣ የተቆለለው ልብስ፣ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ሁሉ በጨለማው ውስጥ ይቀራል። ፊቱ ብቻ ይወጣል። ከዚያ ዓይኑን ቀርባችሁ እዩት። ጥቁሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ነጥብ ትኖራለች። በሩ ናት። ያቺ ነጥብ ስትኖር ዓይን ሕይወት ይኖረዋል። ከሌለች ሰውየው እየሳቀም ቢሆን የደከመው ይመስላል።

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩ በግራዎ በኩል ነው። እዩ፣ ግራ ጉንጫቸው በርቷል፤ ቀኙ ጨልሟል። ይህም ያምራል፤ ኮስተር ያለ ፎቶ ለፈለገ ይስማማል። ጨለማው ከበዛባችሁ ግን የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትከሻቸው ላይ አለ። ነጠላዎን ያውሱኝ። ይህን ነጠላ አጥፌ በጨለማው ወገን፣ ከጉንጫቸው ክንድ ያህል ርቀት ላይ እይዘዋለሁ። አሁን እዩ። ... ቀኝ ጉንጫቸው ወጣ። ላንሳው፤ ጠፋ። ልመልሰው፤ ወጣ። ፎቶ ቤቶች ለዚህ ሥራ ነጭ ሰሌዳና የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ይገዛሉ። እኛ ነጠላና ጋቢ አለን። በነጭ ያጌጡ እናቶች ጥላ ውስጥ ሆነው ሲነሱ ፊታቸው የሚያበራውም ልብሳቸው ከታች ብርሃን ስለሚሰጣቸው ነው።

ነጭ ብርሃን እንደሚመልስ ሁሉ ሌላውም ቀለም ራሱን ይመልሳል። አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አረንጓዴ ይሆናል። ሰማያዊ ሸራ ድንኳን ሥር ሠርገኛው በሙሉ ሰማያዊ ነው። ይህን በኋላ ማስተካከል ያስቸግራል። ሙሽሮቹን ከድንኳኑ ጠርዝ፣ የውጭው ብርሃን ከሚገባበት በኩል ማቆም ይሻላል።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። የፋሲካን ቀን አስቡ። ዘመድ ተሰብስቧል፤ ምሳ ተበልቷል። አንዱ ተነስቶ «ሳንበታተን ፎቶ እንነሳ!» ይላል። ሁሉም ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። ሰዓቱ 7 ሰዓት ነው። አልበማችሁን ክፈቱና እዩት። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። የዓይኑ ጉድጓድ ጥቁር ነው። ከአፍንጫው ሥር ጥላ ወርዶ ከንፈሩን ሸፍኖታል።

ይህ የሰው ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ያለችው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ፣ ሌላው በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። ሚያዝያ ደግሞ የፋሲካ ወቅት ነው። የዓመቱ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ የሚነሳው ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰሞን ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትከርራለች፤ ጥላውም እንደ ቢላ የተቆረጠ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ሜትር ወደ ጥላ እንሂድ። በረንዳው ሥር፣ የቆርቆሮው ክዳን ጥላ ሥር፣ የአጥሩ ጥላ ውስጥ። ሁሉም ፊቱን ወደ ብርሃኑ፣ ወደ ግቢው ያዙር። ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ፀሐይ የመታው ሲሚንቶ ከታች ወደ ላይ ብርሃን ይረጫል፤ የዓይን ጉድጓዱን ይሞላዋል። የዛፍ ጥላ ግን ያታልላል። ቅጠሉ ሳሳ ካለ በመሀሉ የሚሾልከው ፀሐይ ፊት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይጥላል። ጥላው ወጥ መሆኑን መሬቱ ላይ አይታችሁ ቁሙ። ጥላ ካጣችሁ ደግሞ የእማማን ጃንጥላ ተበደሩ። ነጭ ከሆነ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ጥቁር ከሆነ ይከልላል። ቀይ ከሆነ ይቅር።

ከውጭ የሚመጡ የፎቶ ትምህርቶች ላይ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ፤ «በሰሜን በኩል ካለ መስኮት አጠገብ አንሱ» ይላሉ። ለአውሮፓ እውነት ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር የሰሜን መስኮት ለስላሳ ብርሃን ያስገባል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በሌሎቹ ወራት በደቡብ ታልፋለች። ስለዚህ የሰውን አገር ደንብ ከመሸምደድ የራሳችሁን ቤት እወቁ። አንድ እሑድ ቤት ዋሉና የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚያስገባ ተመልከቱ። እኔ ይህን ሳደርግ የልጆቹ ክፍል ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቤቱ ሁሉ የሚያምር ብርሃን እንዳለው አወቅሁ። ስንት ዓመት ኖሬበት አላውቅም ነበር። ፀሐዩ በቀጥታ ከገባ ስስ ነጭ መጋረጃ ይጋረድ። መስኮቱ በሙሉ ብርሃን ሰጪ ይሆናል።

ስለ ክረምትም ልናገር፤ ክረምት ሲነቀፍ አልወድም። ሰማዩ ሲደፈን ሰው ስልኩን ኪሱ ይከታል። ደመናው ግን እንደዚያ ስስ መጋረጃ ነው፤ የሚጋርደው ደግሞ ሰማዩን በሙሉ ነው። ዓይን አይጨፈንም። ጥላ አይቆርጥም። በሐምሌ ዝናቡ ቆም ሲል ሕፃኑን ይዛችሁ በረንዳ ላይ ውጡ። ቆዳው እንዴት ለስልሶ እንደሚወጣ ታያላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ነጩን ሰማይ ከኋላው አታድርጉት። ግድግዳ ወይም አረንጓዴ ይሁንለት።

ፀሐይዋ ደግሞ ራሷ የምትለሰልስበት ሰዓት አላት። ጠዋት ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ፣ ማታ ከመግባቷ በፊትም እንዲሁ። ዝቅ ስትል ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው በመንገድ ይበተንና ወርቃማው ይደርሰናል። እኛ ጋ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትገባው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት አሥር ጉዳይ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለ11 ሰዓት ተዘጋጁ። እዚህ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ ቶሎ ይመሻል። በስዊድን የበጋ ምሽት ላይ ያለ ዘመዳችሁ እየተዝናና ያነሳ ይሆናል። እኛ ግን ጫማ ስንፈልግ ያመልጠናል።

አሁን ጀበናውን እንደገና አንስቼ ስለ ቆዳችን ልናገር። ልጆች ሆነን ፎቶ ላይ «ጠቁሬ ወጣሁ» እያልን እናዝን ነበር። ብዙ ሰው ጥፋቱ የመልኩ ይመስለው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። የፊልም ኩባንያው ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ አጣቢዎች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች። አጣቢው ቀለሙን የሚያስተካክለው በእሷ ቆዳ ልክ ነበር። ፊልሙ የጥቁር ቆዳን ዝርዝር በደንብ እንዲይዝ ለመሻሻሉ ትልቅ ድርሻ የነበረው፣ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በትክክል አይወጣም ብለው ማማረራቸው እንደነበር የኩባንያው የቀድሞ ባለሙያዎች ተናግረዋል። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። የስንት ሰው እናት በዚያ ምክንያት አልበም ውስጥ ያለ ፊት ቀርታለች።

ዛሬ ስልኮቹ ተሻሽለዋል። ብርሃኑ ግን አሁንም የእኛ ሥራ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ቅርጹ የሚታየው እንደ ጀበናው ነው፤ ከላዩ ላይ በሚያንጸባርቀው ብርሃን። የጉንጩ አጥንት፣ የአፍንጫው መስመር፣ የግንባሩ ክብነት፣ ሁሉም ብርሃኑ ሲያርፍበት ይወጣል። ትልቅ ብርሃን ከጎን ስጡት። በር ስጡት። ትንሽ አምፖል ከላይ ሲሆን ግንባር ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ጥሎ ሌላውን ያጠፋዋል። ቆዳ የሚያነጣ ፊልተር ግን እባካችሁ አትጠቀሙ። ልጅ የእናቱን መልክ እንደነበረው ማየት አለበት።

ማታስ? ማታ ያለን አምፖል ነው። አምፖል ሲርቁት ቶሎ ይደክማል። አንድ ሜትር ላይ ያለው ብርሃን ሁለት ሜትር ላይ ሩቡ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሲሰለፍ አንዱ አምፖሉ ሥር፣ ሌላው ጥግ ላይ ከሆነ አንዱ ይነጣል፤ አንዱ ይጨልማል። ሁሉም ከአምፖሉ እኩል ይራቅ። ቀን ከሆነና በሩ ከተከፈተ ደግሞ አምፖሉን አጥፉት። የቀን ብርሃንና ቢጫ አምፖል ሲቀላቀሉ ፊት በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በሌላው ብርቱካናማ ይሆናል።

የስልክ ፍላሽ አልወድም። ፊት ለፊት ስለሚመታ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ግንባር ያብለጨልጫል፤ ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል። ከጥቂት ሜትር በላይም አይደርስም። ከዚያ ይልቅ የሌላ ሰው ስልክ ባትሪ ይብራና ወደ ነጩ ኮርኒስ ይዙር። ኮርኒሱ ራሱ ትልቅ መብራት ይሆንላችኋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ስልካችሁ የማታ ማንሻ፣ «ናይት ሞድ» የሚሉት፣ ካለው ጥሩ ነው፤ ግን ሰውየው ፀጥ ይበል። ብርሃኑን የሚያጠራቅመው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ከፎቶ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ አንድ መንገድ ፎቶ አንስቶ ነበር። በሰውና በጋሪ የተጨናነቀ መንገድ ነው። ሥዕሉ እስኪያዝ ደቂቃዎች ስለፈጀ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፋ፤ መንገዱ ባዶ መሰለ። አንድ ሰው ብቻ ጥጉ ላይ ቀረ። ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር እግሩን አላነቃነቀም። ፎቶ ላይ ከታዩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሊስትሮ ጋ የቆመ ሰው ነው። እኔ ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ባየሁ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ልጅ ግን እንደዚያ አይቆምላችሁም። ለልጅ የሚሻለው ብርሃን መጨመር ነው።

ስለ ልጆች ከተነሳ፣ «ና እዚህ ቁም፣ ሳቅ» አትበሏቸው። ብርሃኑን አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ከዚያ መጫወቻውን እዚያ አስቀምጡት። ልጁ ራሱ ይመጣል። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። አራስ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሲተኛ አናቱን ወደ መስኮቱ አድርጉት። ብርሃኑ ከግንባሩ ወደ አገጩ ይውረድ። እግሩ ወደ መስኮቱ ከሆነ ብርሃኑ ከአገጩ ወደ ላይ ይወጣና ፊቱ ያስፈራል። ፍላሽ ወደ ሕፃን ዓይን በፍጹም አይተኮስ።

ምርቃት ላይ የቆቡ ጥላ ዓይን ይሸፍናል፤ ቆቡን ትንሽ ወደ ኋላ፣ አገጭን ትንሽ ወደ ላይ። ልደት ላይ ሻማው ሲበራ የሳሎኑን መብራት አጥፉ፤ የጓዳው ግን ይብራ፣ ጨለማው ድፍን እንዳይል። የልጁን ፊት ስክሪኑ ላይ ነክታችሁ ትንሽ አጨልሙት። እፍ ከማለቱ በፊት አንሱ።

ሰዓቴ 10 ሰዓት ከ50 ይላል። ከዚያ ፎቅ ጀርባ ፀሐይዋ ከመግባቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አለን። ሌላውን ውጭ እያነሳን እንነጋገራለን። አብሯችሁ የመጣውን ሰው ያዙ፤ እናትም ትሁን፣ ልጅም፣ ጎረቤትም። ግድግዳው ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ስልኩን አታውጡ። መሬቱ ላይ የራሳችሁን ጥላ እዩና ብርሃኑ በየት በኩል እንዳለ ንገሩኝ። እትዬ፣ ነጠላዎን ይያዙልን። ጀበናውን እኔ ይዤዋለሁ።